«አንድ ሰዓት» ከየት እስከ የት?

ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማንንም ብትጠይቁ «አንድ ሰዓት ቢሆን ነው» ይላችኋል። እኔም ባለፈው ክረምት ሐይቅ ቤተሰብ ዘንድ ሳለሁ ያልኩት ይህንኑ ነበር። አያታችን ሌሊት አረፉ። አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የጠዋት 4 ሰዓት በረራ አገኘ። ሽማግሌዎቹ «ልጁ መቼ ይደርሳል?» ሲሉ የጋዜጠኝነት ተማሪው እኔ ቀልጠፍ ብዬ «በረራው አንድ ሰዓት ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 6 ሰዓት ላይ እዚህ ነው» አልኩ። ጀናዛው ከዝሁር ሶላት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ወንድሜ ሐይቅ የገባው 8 ሰዓት ላይ ነው። ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል።

አውሮፕላኑ አልዘገየም፤ በሰዓቱ ተነስቶ በሰዓቱ አርፏል። የተሳሳተው የኔ ሒሳብ ነው። ከቦሌ ኮምቦልቻ ኤርፖርት በቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሀገር ውስጥ መስመር የሚበረው ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ በሒሳብ ከሄድን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ግን የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት አንስቶ ሌላኛው ኤርፖርት እስኪቆም ድረስ ነው። መንደርደሩም፣ ከፍታ መያዙም፣ ለማረፍ መዞሩም እዚያ ውስጥ አለ። የተሳፋሪው ጉዞ ግን የለበትም። ወንድሜ ከቤቱ የወጣው 1 ሰዓት ላይ ነበር።

ሌላም አለ። የኤርፖርቱ መለያ ሦስት ፊደሎች የተወሰዱት ከደሴ ስም ነው፤ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ግን ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ ሚኒባስ እስኪሞላ ጠብቆ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ይገባል። እንደገና መኪና ቀይሮ ሌላ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሐይቅ። ይሄ በየትኛውም ትኬት ላይ አልተጻፈም፤ መጻፍም የአየር መንገድ ሥራ አይደለም።

ታዲያ የማን ሥራ ነው? እኔ የኛ ነው ባይ ነኝ። በየዜናው «ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ደሴ» እንላለን። ይህ በጣርማ በር ዞሮ፣ በሸዋሮቢትና በከሚሴ አድርጎ የሚሄደው የመኪና መንገድ ርቀት ነው። በሌላ ቀን ስለ በረራ ስንጽፍ የአየሩን ርቀት እናነሳለን፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አንናገርም። «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት» ብለን ተምረናል። ርቀትና ሰዓት ሲሆን «ከየት እስከ የት?» የሚለውም ይጨመርልን።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ለአንድ ቁጥር ይህን ያህል?» ብለውኛል። እኔ ያን ቀን «ከቤት እስከ ቤት ሰባት ሰዓት ነው» ብዬ ቢሆን፣ ሽማግሌዎቹ ጀናዛውን እስከ ዓስር ሊያቆዩት ይችሉ ነበር። በኋላ ጠይቄያቸዋለሁ፤ «ምነው ያኔ ብትነግረን!» ነው ያሉኝ።