ዋዛው ይነፋ!

«በሰው ሕይወት ይቀለዳል እንዴ?» ሲል ቱግ ያለብኝ አንድ የአዲስ አበባ ወዳጄ ነው። ጥፋቴ፣ ለመንጌ ሰው ስለ ውሃ ንጽሕና ለማስተማር ከፖስተር ቀልድ ይሻላል ማለቴ ነበር። ወዳጄ እንደ ብዙዎቻችን ከተሜዎች ቁም ነገርን የሚለካው በተቋጠረ ግንባር ነው። እኔ ግን እላለሁ፤ በሰው ሕይወት የሚቀልደውስ ማንም የማይሰማውን ትምህርት ሰጥቶ አበል የሚፈርም ነው!

መንጌ በአሶሳ ዞን ያለች የበርታ አገር ናት። ማንጎና ወርቅ አላት። ሴቶች ወንዝ ወርደው ደለል እያጠቡ ወርቅ ያወጣሉ። ከላይ ወርቅ የታጠበበት ድፍርስ ከታች የሌላዋ ጄሪካን ውስጥ ይገባል። እዚያው አገር፣ ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንድ የጤና ትምህርት ላይ ተቀምጬ ነበር። ከከተማ የመጣው መምህር «ተላላፊ ተሕዋስያን»፣ «የባሕርይ ለውጥ»፣ «የባለድርሻ አካላት ተሳትፎ» እያለ ወረቀቱን ያነባል። አስተርጓሚው ከረዥሙ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቃል እያተረፈ ያቀብላል። ሰዉም በአክብሮት ያንቀላፋል። በመካከሉ አንዲት እናት በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር ጣል ቢያደርጉ ሰዉ በሳቅ አውካ። ምን አሉ ብዬ ብጠይቅ፣ ነገሩ ስለ ዝንብ ነው። ዝንቧ ሜዳ ላይ ከተጸዳዳነው ተነሥታ ገንፏችን ላይ ስታርፍ ከስድስት እግሯ አንዱንም አትታጠብም፤ እኛ ሁለት እጅ መታጠብ ከከበደን እሷን በምን አፋችን እንወቅሳለን፣ ማለታቸው ነው። የበሽታው መተላለፊያ መንገድ ከነሙሉ ትንታኔው ይኸው! ማታ በየቤቱ የተደገመው የመምህሩ ወረቀት ሳይሆን የእናትየዋ ዝንብ ነበር።

ለምን ቢሉ፣ ስለ ዓይነ ምድር በሰው ፊት ማውራት ነውር ነው፤ ነውር በሆነ ነገር ደግሞ ማንም ጎረቤቱን አይመክርም። ቀልድ ይህን ግድግዳ በቀስታ ያልፈዋል። በአንጻሩ የመሥሪያ ቤቶቻችንን ቋንቋ ተመልከቱ። በ1998 እና በ2008 ዓ.ም. ወረርሽኝ ሲገባ «ኮሌራ» ማለት ተፈርቶ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ ባጭሩ «አተት» ተባለ። አዲስ ድርጅት የተቋቋመ እንጂ ሰው የሚገድል በሽታ የመጣ አይመስልም! ስሙን ለመጥራት የፈራነውን በሽታ ሕዝቡ እንዲጠነቀቀው እንመክራለን።

ካማል ካር የተባለ ሕንዳዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ባንግላዴሽ ውስጥ የጀመረው፣ በኋላም ወደ አገራችን የገባው ዘዴ ይህ የገባው ይመስላል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀርባል። አንዲት ፀጉር ዓይነ ምድር ነክታ ውሃው ውስጥ ትጠለቃለች፤ እንካ ጠጣ ሲባል የሚቀበል ይጠፋል። የዝንብ እግር ከአንዲት ፀጉር አያንስም ሲባል ሰዉ ይሥቃል፣ ይጸየፋል፣ ጉድጓድ ሊቆፍር ይነሣል። እስከዚህ መልካም። ግን በአንዳንድ አገር ሕፃናትን ፊሽካ አስይዞ ሜዳ በወጣው ሰው ላይ እስከ ማስነፋት ተደርሷል። ይህን እቃወማለሁ። አብሮ መሣቅና በሰው ላይ መሣቅ ለየቅል ናቸው። የተዋረደ ሰው ሽንት ቤት አይቆፍርም፤ ጫካ ይቀይራል።

ደግሞም ቀልድ ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ አይሄድም። «ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል» ይባል የለ! በርታዎች ከቅል የሚሠሩት ረዥም መለከት አላቸው፤ ስሙም «ዋዛ» ነው። እኛ ዋዛ የምንለው ፌዙን ነው፤ እነሱ ዋዛ የሚሉት ሰው የሚሰበሰብበትን ዜማ። እያንዳንዱ ነፊ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። የመንደር ውሃም እንዲሁ ነው። ዘጠኝ ቤት ጉድጓድ ቆፍሮ አሥረኛው ሜዳ ቢወጣ ዝንቧ አድራሻ አትጠይቅም።

እርግጥ ቀልድ የተሰበረ ፓምፕ አይጠግንም። ስለዚህም ቀልዱ ወደ ታች ብቻ አይውረድ። ከጉድጓድ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳው ውሃ ቤት ውስጥ ባልታጠበ ጣሳ መበከሉ ይቀለድበት፤ ሪባን ተቆርጦለት መለዋወጫ ሲጠብቅ የከረመው ፓምፕም ይቀለድበት። ሹም የማይነካበት ቀልድ ስብከት ነው፤ ሕዝቡም ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ወዳጄ ሆይ፣ በተቅማጥ የሚሞት ሕፃን ቁም ነገር መሆኑን አልካድኩም። ለእናቱ የሚሰማ ነገር ይነገራት የምለውም ለዚሁ ነው። አለቃ ገብረ ሐና ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ቀልዶቻቸውን ግን ማንም አበል ሳይከፍልህ በቃልህ ታወራለህ። ዓምና የተሰጠህን የጤና በራሪ ወረቀትስ ታስታውሳለህ? እንግዲያው ከስብሰባው አበል ትንሽ ይቀነስና ለመንጌ ቀልደኛ እናቶች ይሰጥ። ዋዛው ይነፋ!