አጥንትም አይረሳም

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። እንላለን እንጂ የተወጋውን ቁጭ ብለን አንጠይቀውም። የጅምላ መቃብር ተገኘ ሲባል መጀመሪያ የሚደርሰው አካፋ ነው፤ ካድሬና ካሜራ ይከተላሉ። አጥንቱ በጆንያ ይለቀማል፣ ቁጥር ይጠራል፣ ይለቀሳል... አለቀ! እኛ ይሄን ክብር አንለውም። ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ልብ በሉ። ጥይት የራስ ቅልን ሲበሳ የገባበት ቀዳዳ በውስጥ በኩል ይሰፋል፣ የወጣበት ደግሞ በውጭ በኩል። ስለዚህ ሟቹ ከፊት ይመታ ከማጅራቱ ይለያል። ጥይቱ ሁለት ከሆነም የኋለኛው ስንጥቅ የፊተኛውን ሲያገኝ ይቆማል፤ የቱ እንደቀደመ ይታወቃል። «በተኩስ ልውውጥ ሞተ» የሚል መግለጫ ማጅራት ላይ ከገባ ጥይት ጋር ይጣላል። ታዲያ ይሄ ሁሉ የሚነበበው አጥንቱ፣ ልብሱና አፈር ውስጥ የቀረው እርሳስ በየቦታቸው ከተገኙ ነው። አካፋ ደግሞ ቦታ አያውቅም።

ደርግ ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስድሳ የሚጠጉ ሰዎችን ገድሎ በጅምላ ቀበረ። ቤተሰብ አጽማቸውን በወግ ለመቅበር ደርግ እስኪወድቅ ጠበቀ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአርጀንቲና የአጽም መርማሪዎች የቀይ ሽብርን መቃብሮች ሊመረምሩ አዲስ አበባ መጡ። ኮተቤ ላይ ካወጧቸው አጽሞች ጋር ያገኙት ጥይት ሳይሆን የናይለን ገመድ ነበር፤ አንገት ላይ እንደታሰረ። ሰዎቹ ታንቀው ነው የተገደሉት። አካፋ ቀድሞ ቢሆን ያ ገመድ ተራ ቆሻሻ ሆኖ ይጣል ነበር።

«ሙት አትቀስቅሱ» ለሚሉን መልስ አለን፤ ሙቱን የሚያንገላታው ጥያቄ ሳይሆን አካፋ ነው። «የኛ ሰማዕታት ናቸው፣ እኛው እናውጣቸው» ለሚሉም እንዲሁ። የናንተ ከሆኑ ለምን ምስክርነታቸውን ታበላሻላችሁ?

መንግሥት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። የሰሜኑ ጦርነት መቃብሮችም ገና ብዙ ይጠየቃሉ። እንግዲህ ፍትሕ የምር ከተፈለገ መቃብሩ ይታጠር፣ ይጠበቅ፣ ገለልተኛ ባለሙያ ይጠራ። ገዳዩ አንዴ ገድሏቸዋል፤ ሁለተኛ እኛ አንግደላቸው።