ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል

ለመሆኑ አንድ የባዮሎጂ ምሩቅ በባክቴሪያና በቫይረስ መካከል ያለውን ልዩነት ለገዛ እናቱ በአማርኛ ማስረዳት ካቃተው፣ ዲግሪው ለማን ጠቀመ? ጥፋቱን በእሱ ላይ ብቻ አንከምር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ወስኗል። ልጁ ሳይንሱን በባዕድ ቋንቋ ሸምድዶ በባዕድ ቋንቋ ይፈተናል፤ ለሰፈሩ ሰው አስረዳ ብሎ የጠየቀው መምህር ግን የለም።

የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ሕዝቡ ነው። ጉንፋን ሲይዘን አሞክሳሲሊን እንገዛለን። «ለጉንፋን አይሆንም» የሚለን አይጠፋም፤ ምክንያቱን የሚነግረን ግን የለም። ነገሩ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያን የሚገድለው ቅጥሩን እንዳይገነባ እየከለከለ ነው፤ ቫይረስ ግን ያ ቅጥር የለውም። አጥር የሌለውን ግቢ አጥር በማፍረስ አይወርሩትም! ይህን ለማለት ሳይንሱንም ቋንቋውንም ማወቅ ይጠይቃል።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለሳይንስ ምሩቃን በሳይንስ ተግባቦት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ይስጡ እላለሁ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋልተር ቦድመር የመሩት የሮያል ሶሳይቲ ጥናት፣ ከሕዝብ ጋር መነጋገር የሳይንቲስቱ ግዴታ ነው አለ፤ በ1991 የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ በዚሁ ሙያ የማስተርስ ትምህርት ጀመረ።

«ጋዜጠኛ እያለ ይህ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ይኖራሉ። ጋዜጠኛው የተነገረውን ያደርሳል፤ የተነገረው ትክክል መሆኑን በምን ይመዝነው? «የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ይበቃል» የሚሉት ደግሞ ይብሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የብሪታንያ የእርሻ ሚኒስትር ጆን ገመር፣ የእብድ ላም በሽታ ሰውን አያሰጋም ለማለት በካሜራ ፊት ለትንሽ ልጃቸው የበሬ ሥጋ በርገር ሊያጎርሱ ሞከሩ። በ1996 መንግሥታቸው በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ አመነ። ሕዝብን ማባበልና ሕዝብን ማስረዳት ለየቅል ናቸው። የምንሻው ምሩቅ የሚታወቀውን ብቻ ሳይሆን ገና ያልታወቀውንም ሳይፈራ የሚናገር ነው።

ደግሞም መናገር ብቻውን አይበቃም፤ ማዳመጥም ትምህርት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የብልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። ያ ግኝት የተወለደው በላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ከልብስ አጣቢዎች አጠገብ ነው። ሕዝቡን የናቀ ምሁር ቢሆን ኖሮ አረፋውን ተሻግሮ ያልፍ ነበር።

ገንዘብ የለም ይባል ይሆናል። ይህ ትምህርት ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሬዲዮ፣ ጋዜጣ፣ ጥሩ የቋንቋ መምህርና ለመታረም ፈቃደኛ የሆነ ሳይንቲስት ነው። መመረቂያውም በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ጥራዝ አይሁን። ተመራቂው ገበያ ወጥቶ አንድ ነገር ያስረዳ፤ የሰሙት ሰዎች መልሰው በራሳቸው አነጋገር ሲናገሩት ትክክል ሆኖ ከተገኘ ይለፍ፣ ካልሆነ ይድገም። በሕዝብ ግብር የተማረ ሰው ለሕዝብ ሊያስረዳ ዕዳ አለበት።