«ደም ብዛት» የሀብታም በሽታ አይደለም

የዛሬው ጨዋታችን በተለይ ከእናቶችና ከእህቶች ጋር ነው። ወንዶችም ብታነቡት አትከስሩም፤ እናንተን የሚመለከት ነገር ከታች አለ።

ካኩማ ካምፕ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ያኔ ልጃገረድ ሆነው የገቡት ዛሬ አያት ለመሆን በቅተዋል። ሁላችንም ግን «ጊዜያዊ ነን» ስለምንል ስለ እርጅናችን ማሰብ እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። «ከዚህ ስወጣ እመረመራለሁ» የሚል ስንት ሰው አለ! ወባ ሲይዝ ክሊኒክ ይኬዳል፣ ልጅ ሲያተኩሰው ይሮጣል። የማያተኩስና የማያስታውክ በሽታ ግን ተራ አይደርሰውም። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ዋነኛው ደም ግፊት ነው።

ብዙዎቻችን «ደም ብዛት» እንለዋለን። ያሳሳተንም ስሙ ነው። ደም የተረፈው፣ ጮማ የሚቆርጥ ወፍራም ሰው ብቻ የሚይዘው ይመስላል። «በራሽን የምኖር፣ ደም አንሶሻል የተባልኩ ሰው፣ ምን ደም ብዛት ይይዘኛል?» ይባላል። ነገር ግን ደም ማነስና ደም ግፊት በአንዲት ሴት ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ጉዳዩ የደሙ ማነስና መብዛት ሳይሆን፣ ደሙ ሲያልፍ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ይህ ኃይል ለዓመታት ከልክ በላይ ሲሆን ልብ ይደክማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ጭንቅላት ውስጥ ያለ የደም ሥር ይደፈናል ወይም ይፈነዳል። አንድ ቀን ጠዋት የእናትየዋ አፍ ይጣመማል፣ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ይላል። ጎረቤት «ምች መታት» ወይም «ለከፋት» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የመታት ሳይለካ የኖረው ግፊት ነው።

ለሴቶች የተለየ ነገር አለው። በእርግዝናሽ ጊዜ ግፊትሽ ከፍ ብሎ ከነበረ፣ ከወለድሽ በኋላ ቢወርድም እንኳ ወደፊት ደም ግፊትና የልብ ሕመም የመያዝ ዕድልሽ ከሌላዋ ሴት ይበልጣል። ይህን ብዙ እናቶች አያውቁትም። ልጁ ዛሬ አሥረኛ ክፍል ቢደርስም እናትየው በየዓመቱ መለካት አለባት። የወር አበባ ከቆመ በኋላም ግፊት እየጨመረ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከሱቅ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው። ያስታግሳል፣ እውነት ነው፤ ግን በየቀኑ ሲዋጥ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል።

ወደ ማድ ቤት እንግባ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ የወጡ፣ የእንጀራው፣ ቡናውን በጨው ለምትጠጡም የቡናው ጭምር ተደምሮ ማለት ነው። ሮይኮና መሰል ማጣፈጫዎችም ጨው ስላለባቸው ሁለቱን ደራርቦ መጨመር አያስፈልግም። ጨውን ጨርሶ ተዉ አላልኩም። አዮዲን ያለው ጨው እንቅርትን ይከላከላል፤ ስለዚህ ከድናችሁ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ትንሽ ጣል አድርጉ። አሁን ወንዶች፦ «አልጫ ሆነ» ብሎ ሰሃን መግፋት ይቅር! ሴትዮዋ ጨው የምታበዛው ብዙውን ጊዜ ያንን ፊት ፈርታ ነው።

ጭሱም ሳንባን ብቻ ሳይሆን ልብንና የደም ሥርንም ይጎዳል። ባቄላውን ማታ ዘፍዝፎ ማደር፣ ድስቱን መክደንና የደረቀ እንጨት መጠቀም እሳት ዳር የምትቀመጡበትን ጊዜ ያሳጥራል። ነፋሱ ከፈቀደ ውጭ አብስሉ፤ ሕፃን አዝላችሁ ግን እሳት አጠገብ አትቁሙ።

«ስፖርት ሥሩ» የሚለውን ምክር ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ለምትውል ሴት መስጠት ያሳፍረኛል። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ወይም ስፌት መኪና ላይ ለምትቀመጡት ግን በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ይጠቅማል።

ለመለካት ስትሄዱ ውሃ ቀድታችሁ እያለከለካችሁ፣ ወይም ቡና እንደጠጣችሁ አትሂዱ። አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ እግር አታነባብሩ፣ ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፣ ሹራብ ካለ አውልቁ። በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክታችሁ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ስለ መድኃኒት ያነጋግራችኋል። መድኃኒት ከተሰጣችሁ «ተሻለኝ» ብላችሁ አታቋርጡ፤ የተሻላችሁ መድኃኒቱ ስለያዘው ነው። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ያጣፍጣል እንጂ የኪኒኑን ቦታ አይተካም። ክኒኑን ለጎረቤት ማካፈልም ደግነት አይደለም፤ ለአንቺ የተመጠነው ለእሷ አይሆንም።

የድሮ የእርግዝና ካርድ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የተለካችሁትን ሁለቱንም ቁጥር በወረቀት እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ጽሑፉን ማንበብ የሚቸግራችሁ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ብቅ በሉ፣ አብረን እናነበዋለን።