ተጠባባቂው ሞተር አይናቅ

የቀድሞው መብራት ኃይል በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ ከዋናው መስመር የራቁ ብዙ ከተሞቻችን የኤሌክትሪክ መብራት ያዩት በናፍጣ ሞተር ነው። ዋናው መስመር ሲዘረጋ ታዲያ «የሞተሩ ዘመን አለፈ፣ ይነቀል» የሚሉ አይጠፉም። እኔ በበኩሌ አልስማማም።

እስቲ እናስበው! ሩቅ ወረዳ የሚደርሰው መስመር ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። አንድ የመብራት እንጨት ገደል ላይ ከወደቀ ከተማው በሙሉ ይጨልማል። ክትባት ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ምጥም ቢሆን «መብራት ሲመጣ ነይ» አይባልም።

እርግጥ ናፍጣ ውድ ነው። ከ1 ሊትር የሚገኘው ኃይል 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሁለት ሦስተኛው ያህል ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ይባክናል። ስለዚህ ሞተሩ የዘወትር ሳይሆን የክፉ ቀን ይሁን ነው የምለው።

ተጠባባቂ ማለት ግን አቧራ የለበሰ ብረት ማለት አይደለም። ለወራት የቆመ ሞተር በጭንቁ ቀን ባትሪው ደክሞ፣ ናፍጣው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ይገኛል። በየወሩ ይነሣ፤ ሲነሣም ጭነት ይሰጠው። ባዶውን ከሠራ ጥላሸት ያጠራቅማል። ናፍጣው ይቆለፍ፤ ኃላፊው ማን እንደሆነ ይታወቅ።

ዕጩ መምህራን ሆይ! ነገ የምንመደበው እዚያው ነው። እንደ ደረስን «ሞተሩ መጨረሻ የተነሣው መቼ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ጠያቂ ያለው ሞተር አይዝግም።