የአኃዝ ቆጠራና የሰው ሐቅ

በዚህ ወር አምዳችን ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን ተማሪውንም ወላጁንም የሚያሳስት አንድ የሒሳብ ጥያቄ እናነሳለን። እሱም በቁጥሮች ውስጥ ያሉትን አኃዞች መቁጠር ነው።

በቅድሚያ ቁጥርንና አኃዝን እንለይ። አኃዞች ከ0 እስከ 9 ያሉት 10 ምልክቶች ብቻ ናቸው። ቁጥር የሚጻፈው በእነርሱ ነው። ለምሳሌ 250 አንድ ቁጥር ሲሆን የተጻፈው ግን በ3 አኃዞች ነው። ይህን የአጻጻፍ ስልት የጀመሩት ሕንዶች ሲሆኑ፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው ሙስሊሙ ሊቅ አል-ኸዋሪዝሚ በመጽሐፍ አብራርቶታል። «ዜሮ» የሚለው ቃልም መነሻው «ሲፍር» የሚለው የዐረብኛ ቃል ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። አንድ የጂንካ ነጋዴ በኦሞ ወንዝ ዳር ካለችው ከዱስ መንደር፣ ከካራ ገበሬዎች 250 ጆንያ ማሽላ ገዛ እንበል። ጆንያዎቹ እንዳይምታቱ ከ1 እስከ 250 ቁጥር የሚጽፍባቸው ወጣት ቀጠረ። ውላቸው ለአንድ አኃዝ 1 ብር ነው። ለወጣቱ ስንት ብር ይገባዋል?

ነጋዴው «250 ጆንያ ነው፤ 250 ብር ውሰድ» ቢል ወጣቱን ይበድላል። ወጣቱም «250 በ3 ሲባዛ 750 ነው» ቢል ነጋዴውን ይበድላል። ትክክለኛው መንገድ ቁጥሮቹን በአኃዛቸው ብዛት መከፋፈል ነው።

ከ1 እስከ 9 ያሉት ባለ አንድ አኃዝ ቁጥሮች 9 ናቸው፤ 9 አኃዝ። ከ10 እስከ 99 ያሉት ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥሮች 90 ናቸው፤ 180 አኃዝ። ከ100 እስከ 250 ያሉት ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥሮች 151 ናቸው፤ 453 አኃዝ። ድምሩ 642 ነው። ስለዚህ የወጣቱ ሐቅ 642 ብር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው 151 ላይ ነው። ከ250 ላይ 100 ሲቀነስ 150 ይቀራል፤ ነገር ግን መነሻው 100 ራሱ ስለሚቆጠር 1 ይጨመራል። ይህ ስሕተት ወደ ዒባዳም ሊገባ ይችላል። በሕመም ምክንያት ከረመዷን 10 እስከ 16፣ ሁለቱንም ቀናት ጨምሮ፣ ያልጾመ ሰው «16 ሲቀነስ 10፣ 6 ቀን» ብሎ 6 ቀን ብቻ ቀዷ ቢያወጣ አንድ ቀን ዕዳ ይቀርበታል። ያለበት 7 ቀን ነው።

መልሳችንን በሌላ መንገድ እንፈትሽ። ሁሉም ጆንያ 001፣ 002 እየተባለ በ3 አኃዝ ቢጻፍ 750 አኃዝ ይሆን ነበር። በዚህ ውስጥ ከፊት የገቡት ትርፍ ዜሮዎች በ9ኙ ቁጥሮች ላይ ሁለት ሁለት፣ ማለትም 18፣ በ90ዎቹ ላይ ደግሞ አንድ አንድ፣ ማለትም 90 ናቸው፤ በድምሩ 108። ከ750 ላይ 108 ሲቀነስ 642 ይሆናል። ሁለቱ መንገዶች ተስማሙ።

በዚሁ ዘዴ የመዲናውን ሙስሐፍ 604 ገጾች ከ1 ጀምሮ ለመቁጠር ስንት አኃዝ እንደሚያስፈልግ እንወቅ። 604 በ3 ሲባዛ 1812፤ 108 ሲቀነስ 1704 ይሆናል።

ጥያቄው ተገልብጦም ይመጣል። የቁርኣንን ሱራዎች ከ1 ጀምሮ ቁጥር ለመስጠት 234 አኃዝ አስፈለገ፤ ሱራዎቹ ስንት ናቸው? እስከ 99 ድረስ 189 አኃዝ ያልቃል። የቀረው 45 ለ3 ሲካፈል 15 ነው። 99 ሲደመር 15፣ 114 ሱራ።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁን መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳገኙት ጠይቋቸው። 83ኛው ሱራ አል-ሙጠፊፊን ስፍርና ሚዛን ስለሚያጓድሉ ሰዎች ነው የተሰየመው። ሒሳብ አጥርቶ ማወቅ የሰውን ሐቅ ለመጠበቅ ይረዳል።

ለልጆች የቤት ሥራ፦ የሱረቱል በቀራን 286 አያዎች ከ1 ጀምሮ ለመቁጠር ስንት አኃዝ ያስፈልጋል? ሠርታችሁ ስትጨርሱ ብቻ መልሱን እዩ፤ 750 ነው።

በአላህ ፈቃድ በሚቀጥለው ወር እንገናኛለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።