የሌለ ትኬት አይሸጥ፦ የኮንሰርት ገበያና የጆርጂያ ኃላፊነት

በሳንዲ ስፕሪንግስ የሚኖር ቤተሰብ በአትላንታ ለሚቀርብ ታላቅ ኮንሰርት ትኬት ሊገዛ ሲነሣ ሦስት ዋጋ ይገጥመዋል፦ በማስታወቂያ የተነገረው፣ የአገልግሎት ክፍያ ታክሎበት የሚመጣው፣ እንዲሁም ትኬቱ አለቀ ከተባለ በኋላ በዳግም ሽያጭ የሚጠየቀው። የሙዚቃ አፍቃሪዎች ክርክርም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን የገዛሁትን በፈለግሁት ዋጋ መሸጥ መብቴ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ወረፋ ጠብቆ ያጣውን ትኬት ወዲያው በእጥፍ ዋጋ ሲያየው እንደተዘረፈ ይቆጥረዋል።

የአገራችን ሰው ይህን ንግድ በስሙ ያውቀዋል፤ «አየር በአየር» ይለዋል። በማኅበረሰባችን ኮንሰርቶች ትኬት በሐበሻ ምግብ ቤቶችና መደብሮች ሲሸጥ የአስቀድሞውና የበር ላዩ ዋጋ በፖስተሩ ላይ ይጻፋል፤ ገዢው የሚከፍለውን አስቀድሞ ያውቃል። በትልቁ ገበያ የጠፋው ይህ ግልጽነት ነው።

ችግሩ ሥር የሰደደ ነው። ላይቭ ኔሽንና ቲኬትማስተር እ.ኤ.አ. በ2010 ሲዋሐዱ አዘጋጅነት፣ አዳራሽና ትኬት ሽያጭ በአንድ ኩባንያ እጅ ገቡ። የፌዴራሉ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2018 ባወጣው ጥናት ክፍያዎች በመጀመሪያ ሽያጭ በአማካይ የትኬቱን ዋጋ 27 በመቶ፣ በዳግም ሽያጭ 31 በመቶ እንደሚያህሉ አሳይቷል። በኅዳር 2022 የቴይለር ስዊፍት ትኬት ሽያጭ ሲስተጓጎል ጉዳዩ በጥር 2023 ወደ ሴኔት የፍትሕ ኮሚቴ ደረሰ። በግንቦት 2024 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ኩባንያውን በሞኖፖል ከሰሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የክሱ ተባባሪዎች 39 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ደርሰው ነበር፤ ጆርጂያ ግን ከእነርሱ መካከል አልነበረችም።

ከግንቦት 12 ቀን 2025 ጀምሮ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ሻጮች ጠቅላላ ዋጋውን ከመነሻው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ይህ መልካም እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ደንቡ ዋጋን ይገልጣል እንጂ አይገታም። ጆርጂያም የትኬት ደላሎች ፈቃድ እንዲያወጡ ትጠይቃለች። ሆኖም ፈቃድ ማውጣት ብቻውን ገዢውን አይጠብቀውም።

ስለዚህ ሦስት እርምጃዎችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ጠቅላላ ምክር ቤቱ ሻጭ በእጁ የሌለውን ትኬት ለሽያጭ እንዳያቀርብ በማያሻማ ሕግ ይደንግግ። ሜሪላንድ ይህን በ2024 አድርጋዋለች።

ሁለተኛ፣ በዳግም ሽያጭ ትርፍ ላይ ጣሪያ ይቀመጥ። ሜይን በ2025 ጣሪያውን ከመጀመሪያው ዋጋ 10 በመቶ በላይ እንዳይሆን ወስናለች። አየርላንድም በ2021 ሕግ አውጥታ በተመደቡ ስፍራዎች ከታተመው ዋጋ በላይ መሸጥን ከልክላለች።

ሦስተኛ፣ የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ በእጁ ያለውን ሥልጣን ይጠቀምበት። በ2016 የወጣው የፌዴራል ሕግ ትኬት በጅምላ የሚያፍሱ ቦቶችን ይከለክላል፤ የግዛት ዐቃቤ ሕጎችም እንዲከሱ ይፈቅዳል። የንግድ ኮሚሽኑ ራሱ ይህን ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመበት በጥር 2021 ነበር፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ሕግ ደግሞ ከወረቀት አያልፍም።

ከተማችንም ምክር ቤቱን ሳትጠብቅ ልትጀምር ትችላለች። በ2018 የተከፈተው የሲቲ ስፕሪንግስ የኪነ ጥበባት ማዕከል የሕዝብ ንብረት ነው፤ ባየርስ ቴአትርን የሚከራይ አዘጋጅ ፍትሐዊ የዳግም ሽያጭ ሥርዓት እንዲከተል በውሉ ላይ ሊሰፍር ይገባል።

የዋጋ ጣሪያ ሻጩን ወደ ጥቁር ገበያ ይገፋዋል የሚለው ሥጋት ቀላል አይደለም። መፍትሔው ግን ትኬትን ማስተላለፍን ጨርሶ መከልከል አይደለም። ትኬት ከሸጠው ኩባንያ መተግበሪያ ውጭ እንዳይተላለፍ ቢታገድ ተጠቃሚው ያው ኩባንያ ነው። ልጇ ታማባት መሄድ ያልቻለች እናት ትኬቷን በገዛችበት ዋጋ ለጎረቤቷ መሸጥ መቻል አለባት። መገታት ያለበት በሺህ የሚቆጠር ትኬት ሰብስቦ እጥረት የሚፈጥረው ነጋዴ ነው።

ስታዲየምና አዳራሽ በሕዝብ መሬትና በሕዝብ ገንዘብ ድጋፍ ሲቆም፣ ሕዝቡ ከበሩ ውጭ እንዳይቀር መጠየቅ ልመና ሳይሆን መብት ነው። የምክር ቤት አባላትና ረዳቶቻቸው ከቀጣዩ የሕግ አውጪ ጉባኤ በፊት ረቂቁን ሊያዘጋጁ ይገባል፤ የማኅበረሰባችን ተሟጋቾችም የገዢዎችን ደረሰኝና የደረሰባቸውን በደል ከወዲሁ ይሰብስቡ።